ማካፈልና መከፋፈል፤ የጅግጅጋና የሐርጌሳ ታሪክ ከቃላት ጋር ሲመረመር

በአማርኛ የሒሳብ ትምህርት አራቱ ስሌቶች መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ይባላሉ። ከእነዚህም የመጨረሻው ስም ሊስተዋል የሚገባው ነው። ስሌቱ አንዱን ቁጥር በሌላው ልክ መቆራረጥ ሆኖ ሳለ «መቁረጥ» ወይም «መከፋፈል» አልተባለም፤ «ማካፈል» ተባለ እንጂ። ማካፈል ማለት ብዙዎች ከአንድ ነገር እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን እንዲያገኙ ማድረግ ነው። ስለዚህም የሚታደለው ቁጥር ተካፋይ፣ የሚያድለው አካፋይ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ፣ ሳይዳረስ የሚተርፈው ቀሪ ይባላል። ሕፃኑ ገና በዝቅተኛው ክፍል ሳለ፣ አንድን ሙሉ ነገር መክፈል ሁልጊዜ ክፉ ሥራ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ፍርድና እኩልነት ያለበት ሥራ ሊሆን እንደሚችል ከቃሉ ይማራል።

ነገር ግን ያው ተማሪ ከሒሳቡ ትምህርት ወደ ታሪኩ ሲዛወር ሌሎች ቃላት ይጠብቁታል። በዚያ መንግሥት ተከፋፈለ፣ አፍሪቃን ባዕዳን ተቀራመቷት፣ ሕዝብ ተበታተነ እየተባለ ይነገረዋል። ሥሩ አንድ፣ ፊደሉም ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ ሳለ፣ በሒሳብ ደስ የሚያሰኘው ቃል በታሪክ የሚያሳዝን የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለሚፈልግ ሰው የጅግጅጋና የሐርጌሳ ታሪክ የተሟላ ምሳሌ ይሰጠዋል።

በሐርጌሳ ከተማ ውስጥ «ጅግጅጋ ያር» የሚባል ሰፈር አለ። «ያር» በሶማልኛ ትንሽ ማለት ስለ ሆነ፣ የሰፈሩ ስም «ትንሿ ጅግጅጋ» ማለት ነው። ትልቋ ጅግጅጋ ከወሰኑ በስተምዕራብ በኢትዮጵያ ምድር ትገኛለች። እንግዲህ አንድ ስም በወሰን መስመር ግራና ቀኝ ይኖራል። ይህን ስም መስመሩ ከፋፈለው ይባላልን? ወይስ ሁለቱ ከተሞች ስሙን ተካፈሉት ይባላል? ሁለቱም አነጋገሮች እውነት አላቸው፤ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ የሚናገር ግን ታሪኩን በግማሽ ትቶታል።

የቃላቱ ጠባይ

«ከፈለ» የሚለው ግስ በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው አንዱን ነገር ሁለትና ከዚያ በላይ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ዕዳን ወይም ዋጋን መስጠት ነው። አባት መሬቱን ለልጆቹ ከፈለ ይባላል፤ ነጋዴ ግብሩን ከፈለ ይባላል። ዕዳ የሚከፍል ሰው ከያዘው ገንዘብ ላይ ቆርሶ ለባለ መብቱ ይሰጣልና ሁለቱ ሐሳቦች የሚራራቁ አይደሉም። ከዚሁ ሥር ክፍል፣ ክፍያ፣ ክፍልፋይ፣ ክፍለ ጦር፣ ክፍለ ዘመን የሚሉት ሁሉ ወጥተዋል። ተማሪው የሚቀመጥበት ቤት እንኳ «ክፍል» ተብሎ ይጠራል።

የግሱን መልክ ትንሽ ሲለውጡት ደግሞ ትርጉሙ እጅግ ይለወጣል። አማርኛ የግስን መካከለኛ ፊደል ሲደግም ድርጊቱ በብዙ ጊዜ ወይም በብዙ አቅጣጫ መደረጉን ያሳያል፤ ሰበረ ሰባበረ፣ ቆረጠ ቆራረጠ፣ በተነ በታተነ፣ ከፈለ ከፋፈለ ይላል። በአንጻሩ የመጀመሪያውን ፊደል ወደ ራብዕ ለውጦ «ተ»ን ሲያስቀድምበት፣ ድርጊቱ የእርስ በርስ ይሆናል፤ ተማከረ፣ ተዛመደ፣ ተካፈለ ይላል። ስለዚህ «ተከፋፈለ» በሚለው ቃል ውስጥ የተቆራረጠ ነገር ይታያል፤ «ተካፈለ» በሚለው ውስጥ ግን በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ይታያሉ። ሐዘንን መካፈል፣ በስብሰባ መካፈል፣ ማዕድ መካፈል የሚባለውም ስለዚህ ነው።

«በተነ»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ዘሪው እህሉን በማሳው ላይ ሲበትን ተስፋ ያደርጋል። ያልተሰፋ ጨርቅ ብትን ጨርቅ፣ ያልተጋገረ አፈር ብትን አፈር ይባላል፤ በዚህ ውስጥ ክፋት የለም። ጉባኤ ሥራውን ሲፈጽም «ተበተነ» ይባላል። ነገር ግን ቤተ ሰብ ተበተነ፣ አገር ተበተነ ሲባል የሰሚው ልብ ይደነግጣል።

«ሰደደ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ሰደደ ማለት ላከ፣ አባረረ ማለት ነው። ከእርሱም ስደትና ስደተኛ የሚሉት ቃላት ወጥተዋል፤ ዱሩን የሚያዳርሰው እሳትም ሰደድ እሳት ይባላል። ሆኖም ተክል መሬት ቆንጥጦ ሲይዝ «ሥር ሰደደ» ይባላል። ከቤቱ የተነቀለውንም፣ በምድር ውስጥ የጸናውንም በአንድ ግስ መጥራት የአማርኛ ልማድ ነው።

«ወሰን» የሚለውም «ውሳኔ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። ይህም ወሰን እንደ ተራራና እንደ ወንዝ በተፈጥሮ የተገኘ ሳይሆን፣ ሰዎች በአንድ ቀን ተቀምጠው የወሰኑት ነገር መሆኑን ያስታውሳል።

ሶማልኛም በዚህ ረገድ የራሱ መንገድ አለው። በዚያ ቋንቋ ከግስ በፊት የሚገቡ ሁለት ትናንሽ ቃላት አሉ፤ አንደኛው «ከላ» ሲሆን ተለያይቶ፣ ተራርቆ የሚል ሐሳብ ይሰጣል፤ ሁለተኛው «ወዳ» ሲሆን አብሮ፣ በአንድነት የሚል ሐሳብ ይሰጣል። አንዱ ግስ፣ ለምሳሌ መሄድን የሚያመለክተው፣ በ«ወዳ» ሲቀድም አብሮ መሄድ ይሆናል፤ በ«ከላ» ሲቀድም መለያየት ይሆናል። እንግዲህ አማርኛ በአንድ ፊደል ለውጥ የሚሠራውን፣ ሶማልኛ በአንድ ትንሽ ቃል ይሠራዋል። በሁለቱም ቋንቋ ዘንድ በመለያየትና በመተባበር መካከል ያለው ርቀት እጅግ አጭር ነው።

በ1889 ዓ.ም. የተጻፈው ውል

ከዓድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ለመዋዋል ፈለጉ። ታላቋ ብሪታንያም ሬነል ሮድ የተባለውን መልእክተኛ ላከች፤ ውሉም በግንቦት ወር 1889 ዓ.ም. ተፈረመ። በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በነበረው የሶማሌ ምድርና በኢትዮጵያ መካከል ስለሚሆነው ወሰን ዝርዝር ንግግር የተደረገው ግን በሐረር፣ በሮድና በራስ መኰንን መካከል ነበር።

በዚያ ንግግር ሁለት ነገሮች በአንድነት ተጻፉ። አንደኛው መስመሩ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በመስመሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎሣዎች ከብቶቻቸውን ወደ ማዶ አሻግረው ማሰማራት እንዲችሉ፣ በአቅራቢያቸው ካለው የውኃ ጉድጓድ እንዳይከለከሉ፣ በተሻገሩበት ጊዜ ግን ለዚያው ምድር አስተዳደር እንዲታዘዙ የሚያዝ ቃል ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሐውድ የተባለው ሰፊ ሜዳ ዝናብ ሲዘንብ በሣር ይሸፈናል፤ በበጋ ግን ቋሚ ውኃ አይገኝበትም። ስለዚህ ጉድጓዶቻቸው በስተሰሜን የሆኑ አርብቶ አደሮች በዝናብ ወራት ግመሎቻቸውንና በጎቻቸውን እየነዱ ወደ ሐውድ ይወርዳሉ፤ ሣሩ ሲደርቅና ኩሬው ሲጎድል ወደ ጉድጓዶቻቸው ይመለሳሉ። መስመሩ ያለ ሁለተኛው ቃል ቢሰመር ኖሮ ሣርን ከውኃ ለይቶ ከብቱን ባጠፋ ነበር።

እንግዲህ ያ ውል ምድሪቱን ከፈለ፤ ሣሩንና ውኃውን ግን አካፈለ። ጉድለቱ በሌላ በኩል ነበር። ተካፋይ የሆነው አርብቶ አደር ድርሻው ሲቆረጥ አልተጠየቀም። በሒሳብ ትምህርት ቁጥሮች ስለማይናገሩ አካፋዩ ሳይጠይቃቸው ቢያካፍላቸው ነውር የለበትም፤ ሰው ግን ቁጥር አይደለምና ያልተጠየቀበት ድርሻ ቢሰጠውም እንደ ተቀማ ይቆጥረዋል።

መስመሩ ከወረቀት ወደ መሬት የወረደው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የወሰን ኮሚሲዮን አባላት ምልክት እየተከሉ መስመሩን ተከተሉ። ይህን ሥራ ከፈጸሙ በኋላም የግጦሹን ምድር ለመመርመር ወደ ወልወል ጉድጓዶች በ1927 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሲደርሱ የኢጣልያን ጦር ሰፍሮ አገኙት። ኮሚሲዮኑ ከስፍራው ራቅ ካለ በኋላ ኅዳር 26 ቀን በኢትዮጵያ አጃቢ ወታደሮችና በኢጣልያን ጦር መካከል ተኩስ ተከፈተ። ሙሶሊኒ ይህን ግጭት ምክንያት አድርጎ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወረረ። ለግመል ማጠጫ የተቆፈሩ ጉድጓዶች የዓለምን መንግሥታት ማኅበር ያናወጠ ነገር መነሻ ሆኑ።

«ተመለሰ»ና «ተወሰደ»

ኢጣልያ ድል ከተነሣች በኋላ በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ሶማሌላንድን መልሰው ያዙ፤ የአስተዳደራቸውም መቀመጫ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ ተዛወረ። ኦጋዴንም በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ቆየ። በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. በተደረጉት ስምምነቶች የኢትዮጵያ ባለ መብትነት ቢታወቅም፣ ምድሩ ወዲያው አልተለቀቀም። ጅግጅጋና አብዛኛው ኦጋዴን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ተመለሱ፤ ሐውድና የተከለለው ቦታ የተባለው ግን በእንግሊዝ እጅ ቆዩ። በመጨረሻ ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. በሎንዶን ስምምነት ተደረገ፤ በዚያው ዓመትም ሐውድ ለኢትዮጵያ ተላለፈ። የ1889ኙ የግጦሽና የውኃ መብት በዚህም ስምምነት እንዲጸና ተደረገ።

ይህ ነገር በሁለቱ ወገኖች ዘንድ በሁለት ቃል ተጠራ። በአዲስ አበባ ምድሩ «ተመለሰ» ተባለ፤ ባዕድ ከያዘው ቆይቶ ለባለቤቱ ደርሷልና። በሐርጌሳ ደግሞ «ተወሰደ» ተባለ፤ ከብቱ የሚሰማራበት ሜዳ በሌላ መንግሥት እጅ ገብቷልና። ማይክል ማሪያኖ የነበሩበት የሶማሌላንድ መልእክተኞች ቡድን ወደ ሎንዶንና ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሄዶ አቤቱታ አቀረበ፤ ሆኖም ስምምነቱ አልተሻረም። ከዚያ ጊዜ ወዲህ በሁለቱም በኩል ያደገ ልጅ ከቃላቱ አንዱን ብቻ እየሰማ አደገ። ጠብ ሥር የሚሰደው ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ነው።

ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ነጻ ሆነች። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 24 ቀን፣ በኢጣልያን ሞግዚትነት ሥር ከነበረው ከደቡቡ ክፍል ጋር ተዋሕዳ የሶማሌ ሪፑብሊክ ተመሠረተ። በሰማያዊው ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለው ነጭ ኮከብ አምስት ጫፎች ነበሩት፤ እነርሱም ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ምድሮች እንዲያመለክቱ የታሰቡ ናቸው፤ ከእነዚህም አንዱ በኢትዮጵያ ግዛት ያለው ነበር። ለአንዱ ወገን ኮከቡ የተከፋፈለ ቤተ ሰብ የመሰብሰብ ተስፋ ነበር፤ ለሌላው ወገን አገርን የመክፈል ዛቻ ነበር። አዲሱ ሪፑብሊክ የ1889ኙን ውል አልቀበልም አለ። በ1956 ዓ.ም. በወሰኑ ላይ በቶጎ ውጫሌና በሌሎች ስፍራዎች ውጊያ ተደረገ፤ በሱዳኑ ፕሬዚዳንት በኢብራሂም አቡድ ሸምጋይነትም በካርቱም ተኩስ እንዲቆም ስምምነት ሆነ።

ተማሪዎች የተበተኑበት ጊዜ

መበተን መልካም ሆኖ የታየበት ጊዜ ደግሞ ነበር። የሶማልኛ ቋንቋ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ በ1965 ዓ.ም. ታወጀ። ከዚያም በ1966 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ መንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ፤ እነርሱም ከአርብቶ አደሩ ጋር እየተጓዙ ማንበብና መጻፍ አስተማሩ። በጥቂት ወራት ልዩነት፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ፤ ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራንም ወደ ገጠር ተሰማሩ።

ሁለቱ መንግሥታት እርስ በርሳቸው በጥርጣሬ ይተያዩ ነበር፤ ሆኖም በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር አደረጉ። ተማሪዎቻቸውን እንደ ዘር በተኑ። በወሰኑ ወዲህ ያለው ወጣት በግዕዝ ፊደል፣ ወዲያ ያለው በላቲን ፊደል፣ ለማያነበው ወገኑ የመጀመሪያውን ፊደል አሳየ። የሁለቱም ዘመቻዎች ፖለቲካ ሊነቀፍ ይችላል፤ በኢትዮጵያም ብዙ ዘማቾች ለችግርና ለሞት ተዳርገዋል። ቢሆንም በዚያ ዘመን ማንበብ የተማረ አርብቶ አደርና ገበሬ ትምህርቱን ይዞት ቀርቷል። ዘሪው ራሱ ሳያጭድ የቀረበት ማሳ ነው።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያው ትውልድ መሣሪያ ይዞ ተገናኘ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን በስፋት ገባ፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ ተያዘች። በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጦርና በኩባ ወታደሮች እጅ ተመልሳ ተያዘች። የካራማራ ድል በኢትዮጵያ የሚታሰበው በዚህ ቀን ነው። በጦርነቱና ከእርሱ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኦጋዴን ወጥተው ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሐርጌሳ አካባቢ በተሠሩ ሰፈሮች ተጠለሉ።

ስደትና ሥር መስደድ

ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ስደቱ አቅጣጫውን ለወጠ። የሰሜኑ ሕዝብ በዚያድ ባሬ መንግሥት በደል ስለ ደረሰበት የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ የተባለው ድርጅት በ1973 ዓ.ም. በሎንዶን ተመሥርቶ ነበር፤ ተዋጊዎቹም በኢትዮጵያ ምድር መቀመጫ አግኝተው ነበር። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ እንዳይረዳ ተስማሙ። መቀመጫቸውን የሚያጡት ተዋጊዎች በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ቡራኦንና ሐርጌሳን በድንገት አጠቁ። የዚያድ ባሬ መንግሥትም በሕዝብ የተሞላችውን ከተማ በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ፤ አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከነዋሪዎቹ መካከል ብዙ ሺህ ሰው ሞተ፤ አብዛኛው የከተማው ቤት ፈረሰ። ዛሬ በሐርጌሳ መካከል አንድ ሚግ አውሮፕላን ከፍ ባለ መሠረት ላይ ተሰቅሎ ለዚያ ጥፋት መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል።

ያን ጊዜ ከ300 ሺህ የሚበልጥ ሰው በእግሩና ባገኘው መኪና ወሰኑን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ያለው ሐርታሸክ በአጭር ጊዜ ከዓለም ትላልቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። ስፍራው ውኃ ስለሌለው የሚጠጣው ውኃ በቦቴ መኪና ከሩቅ ይመጣለት ነበር። «ሰፈረ» የሚለው ግስ ራሱ በአማርኛ አንድም በአንድ ቦታ ተቀመጠ፣ አንድም እህልን ለክቶ ሰጠ ማለት ነው፤ በሐርታሸክ ሁለቱም ትርጉሞች በአንድ ላይ ተፈጸሙ። ስደተኛው ሰፈረ፣ እህሉም ተሰፈረለት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ይህ ነው። በ1970 ዓ.ም. ከጅግጅጋ አካባቢ የሸሸውን ሰው ሐርጌሳ ተቀብላ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ከሐርጌሳ የሸሸውን ሰው የጅግጅጋ ምድር ተቀበለ። መንግሥታት የከፋፈሉት ሕዝብ በመከራ ጊዜ እያንዳንዱን እንጀራና እያንዳንዱን ጥላ ተካፈለ። ሁለት ጊዜ የተሻገሩት ሰዎች የተሻገሩት ያንኑ አንድ መስመር ነው፤ በአንድ ወቅት ከወዲያ ወዲህ ማምለጫ፣ በሌላ ወቅት ከወዲህ ወዲያ ማምለጫ ሆነላቸው።

በጥር 1983 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት ወደቀ። ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. በቡራኦ በተደረገ ጉባኤ ሶማሌላንድ ከሶማሊያ መለየቷ ታወጀ፤ ሶማሊያ ግን ይህን መለየት አልተቀበለችም። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ግንቦት 20፣ የደርግ መንግሥት በአዲስ አበባ ወደቀ። ወደ ሐርጌሳ የተመለሱት ስደተኞች ያገኙት ጣራው የተገፈፈ ቤትና ፈንጂ የተቀበረበት ምድር ነበር። በ1985 ዓ.ም. የጎሣ ሽማግሌዎች በቦራማ ለብዙ ወራት ተቀምጠው በመምከር የጎሣዎቹን ጠብ በዕርቅ ዘጉ፣ የአስተዳደርንም መልክ ወሰኑ። ይህ ውሳኔ ከ1889ኙ ውሳኔ የሚለየው፣ ድርሻ የሚሰጣቸው ሰዎች ራሳቸው በጉባኤው መቀመጣቸው ነው። የሐርታሸክ ሰፈርም ነዋሪዎቹ ቀስ በቀስ እየተመለሱ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ።

ያልተመለሱም አሉ። ብዙዎች ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ሰሜን አሜሪካ፣ ወደ ዐረብ አገሮች ተበትነው በዚያ ኖሩ። እነዚህ በተበተኑበት ሥር ሰደዱ፤ ነገር ግን ከደመወዛቸው ላይ ቆርሰው በሐዋላ ወደ ቤታቸው ይልካሉ። ሐርጌሳ እንደገና የተሠራችው በአብዛኛው በዚህ ገንዘብ ነው። ከፈለ የሚለው ግስ ሁለቱ ትርጉሞቹ እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ ጦርነት የከፈለው ቤተ ሰብ ርቆ የሄደው አባሉ በሚከፍለው ገንዘብ ተያይዞ ይኖራል።

በዛሬው ዕለታዊ ኑሮ

ዛሬ ቶጎ ውጫሌ ሁለት መንግሥት የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ናት። ስሟ የወጣው ከአንድ ወንዝ ነው፤ «ቶግ» በሶማልኛ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚፈስ ወንዝ ማለት ነውና። ጫት ከኢትዮጵያ ወደ ሐርጌሳ በየቀኑ ይጓዛል፤ ከሶማሌ ክልል የሚነዳ ከብት በበርበራ ወደብ ወደ ዐረብ አገር ይሻገራል፤ ከወደቡ የሚወጣ ልብስና ዕቃ ወደ ጅግጅጋ ይገባል። ከዚህም ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚያልፍ አለ፣ በኮንትሮባንድ የሚያልፍም አለ። ሁለቱ ከተሞች በዚህ ንግድ የሚካፈሉት ጥቅም ቀላል አይደለም።

ጅግጅጋም በኢትዮጵያ ውስጥ የምትጠራበት ቃል በየዘመኑ ተለውጧል። በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያም በሐረርጌ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች፤ በኋላ የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። «ግዛት» ከገዛ፣ «ክፍለ ሀገር» ከከፈለ፣ «ክልል» ከከለለ ይወጣሉ። «ከለለ» ማለት ዙሪያውን አጠረ ማለት ነው፤ ነገር ግን ከለላ መሆን፣ ከፀሐይና ከጠላት መጋረድም ማለት ነው። አጥሩ እስር ቤት ወይም ጥላ መሆኑን ቃሉ ብቻውን አይወስነውም፤ የሚወስነው በውስጡ የሚኖሩ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ለመምህራን ምን ይጠቅማል? በጅግጅጋ ትምህርት ቤት የሚቀመጥ ሕፃን ዜግነቱ ኢትዮጵያዊ፣ ቋንቋው ሶማልኛ ነው። ስለ 1947 ዓ.ም. ሲማር «ተመለሰ» የሚለውን ከመጽሐፉ፣ «ተወሰደ» የሚለውን ምናልባት ከአያቱ ይሰማል። የካቲት 26 ሲከበር ድሉን ይሰማል፤ በዚያው ወራት ተሰድደው ስለ ሄዱት ዘመዶቹም ይሰማል። መምህሩ ከሁለቱ ቃላት አንዱን ደብቆ ቢያስተምረው፣ ሕፃኑ የተደበቀውን ሌላ ቦታ ማግኘቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜም መምህሩን ማመን ያቆማል። ሁለቱን ቃላት አስቀምጦ፣ እያንዳንዱ በማን አፍና በምን ምክንያት እንደ ተነገረ ቢያስረዳው ግን፣ ሕፃኑ አገሩን ሳይክድ ጎረቤቱንም ያውቃል።

ወሰን አይኑር ማለት አይቻልም፤ ሕግ የሌለበት ምድር የጉልበተኛ ነውና። መለያየትም ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ወንድማማች ሳይጣሉ ከአባታቸው ርስት ላይ ድርሻቸውን ሲወስዱ ከመጣላት ይድናሉ። ጥፋት የሚሆነው ለተካፋዩ ቃል ሳይሰጡ ማካፈል፣ ሣሩን ከውኃው መለየት፣ የተሻገረውን ሰው እንደ ጠላት መቁጠር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ ድሩ የሚያብረው ክሮቹ ሁሉ አንድ ክር ስለሆኑ አይደለም፤ እየተለያዩ ተያይዘው ስለሚገኙ ነው።

በሐርጌሳ አንዲት ትንሽ ሰፈር የትልቋን ከተማ ስም ይዛ መገኘቷ ይህንኑ ያሳስባል። መስመሩ ምድሩን ከፍሎታል፤ ስሙን ግን ሰዎቹ ተካፍለውታል። በሰሌዳው ላይ ማካፈልን የሚጽፍ መምህር የሒሳቡን ሥርዓት ካስተማረ በኋላ፣ ድርሻ ለማን እንደሚደርስ፣ ቀሪውም የማን እንደሚሆን ተማሪዎቹን ቢጠይቃቸው፣ የሒሳቡን ሰዓት ወደ ታሪክ ማሸጋገሩ ነው። ያ ጥያቄ በ1889 ዓ.ም. ሳይጠየቅ ቀርቶ ብዙ ሕይወት ከፍሏል፤ በዛሬው ክፍል ውስጥ ግን ለመጠየቅ ገና ጊዜው አላለፈም።